ስለ ራስ መመስከር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ሥራ ማመልከቻና ስለ ሲቪ አጻጻፍ ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



እንደ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ባለ ቀን ስለ ዕውቀት ክብር ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከእነዚህ ያነሰ የሚመስል ነው፤ ይኸውም ሥራ ፈላጊ ስለ ራሱ የሚጽፈው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት አንዳንዱ ካሪኩለም ቪቴ ወይም በአጭሩ ሲቪ፥ ሌላው ደግሞ ሬዙሜ ይለዋል። ካሪኩለም ቪቴ በላቲን ቋንቋ የሕይወት ሩጫ ማለት ነው፤ ሬዙሜ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሆኖ በአጭሩ የተጠቃለለ ነገር ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ሲታዩ የወረቀቱን ጠባይ በደንብ ይገልጡልናል። የሕይወት ሩጫ ነው፤ ነገር ግን የተጠቃለለ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ነገሩ ለብዙዎቻችን ሩቅ ስላልሆነ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፥ ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 30,000 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በተከታዩም ዓመት ውጤቱ ከዚህ እምብዛም አልተለየም። ከቀሩት አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት፥ አንዳንዶቹም በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ግን በዚሁ በእኛ ዕድሜ ወደ ሥራ ፍለጋ ወጡ። ይህን የምለው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። እኔም እንደ እናንተ ደብተሬን ታቅፌ የማመሽ፥ ለማለፍም ተስፋ የማደርግ ነኝ። ነገር ግን ተስፋ ያለው ሰው መዘጋጀት አይከለከልም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ ወረቀት ፊት መቀመጡ አይቀርም። እንግዲህ ልዩነቱ የጊዜ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ለምን ይከብደናል? እኔ እንደሚመስለኝ የሚከብደን የፊደል ወይም የሰዋስው ነገር ሆኖ አይደለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ‹እኔ፥ እኔ› ማለት ነውር መሆኑን ተምረናል። እንግዳ በቤታችን ሲያመሰግነን አንገታችንን ደፍተን ‹ኧረ ምንም አላደረግሁም› እንላለን። ይህ ጨዋነት መልካም ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ነገር ግን ብዕር ይዘን ስለ ራሳችን እንድንጽፍ ስንጠየቅ ይኸው ጠባይ ግራ ያጋባንና ከሦስት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይጥለናል።

የመጀመሪያው ስሕተት ራስን ማቅለል ነው። እንዲህ ያለው ጸሐፊ ስሙንና የጨረሰውን ክፍል ብቻ ጽፎ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል። ‹ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም› የተባለው ለእርሱ ነው። አሞሌ በጥንት ዘመን እንደ ገንዘብ የሚያገለግል የጨው ጡብ ነበር። ባለቤቱ ራሱ ‹ይኼ እንኳ ጎደሎ ነው› ካለ፥ ሌላው በሙሉ ዋጋ እንዲቀበለው እንዴት ይጠበቃል?

ሁለተኛው ስሕተት ራስን ማግነን ነው። ‹ታታሪ፥ ታማኝ፥ ብርቱ፥ ፈጣን፥ በቡድን ሥራ የማምን፥ ጫናን የምቋቋም ነኝ› የሚል ወረቀት በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ስሙና ስልኩ ብቻ እየተለወጠ ለብዙ ሰው ይታተማል። ቀጣሪውም እነዚህን ቃላት በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ስለሚያነባቸው፥ እንደ ግድግዳ ቀለም ያያቸዋል እንጂ አያነባቸውም።

ሦስተኛው ስሕተት ልመና ነው። ‹ያለብኝን ችግር ተመልክታችሁ፥ ቤተሰቤን የምረዳ እኔ ብቻ መሆኔን ተረድታችሁ› እያለ የሚያመለክት አለ። ችግሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ቀጣሪው የሚጠይቀው ‹ይህ ሰው ምን ያህል ተቸግሯል?› ብሎ ሳይሆን ‹ይህ ሰው ሥራውን ይችለዋልን?› ብሎ ነው። ላልተጠየቅነው ጥያቄ መልስ ስንሰጥ የተጠየቅነው ሳይመለስ ይቀራል።

እንግዲህ ማቅለልም፥ ማግነንም፥ መለመንም ካልሆነ፥ ሲቪ ምንድን ነው? እኔ የምሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ምስክርነት ነው።

ስለ ራስ ሥራ መናገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ጦረኛ ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት ‹ዘራፍ!› እያለ ይፎክር ነበር። የዋለበትን ሜዳ፥ የሠራውንም ሥራ በስሙ እየጠራ ይናገራል። ነገር ግን እንዲሁ ባዶ እጁን አይመጣም ነበር፤ ግዳዩን ይዞ ይቀርባል፤ አብረውት የዋሉት ባልንጀሮቹም በዚያው ቆመው ይሰሙታል። ከዚህ ልማድ ዛሬ ልንወስደው የሚገባን ጩኸቱን ሳይሆን ማስረጃውን ነው። ሥራን ከነቦታው መናገር፥ ማሳያውን መያዝ፥ የሚያውቁት ሰዎች ቢሰሙት የማያፍሩበትን ቃል መናገር፤ የሲቪ ትምህርት በሙሉ በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ አለ።

በችሎት ፊት የሚቆም ምስክርም እንዲሁ ነው። ዳኛው ምስክሩን ‹ምን አየህ? የት? መቼ?› ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ በቅጽል እንዲያስጌጥለት አይፈልግም። ስለዚህ በሲቪያችን ላይ የምናሰፍረውን እያንዳንዱን መስመር በአራት ጥያቄ እንፈትነው፤ ምን ሠራሁ? የት? መቼ? ይህን የሚያውቅልኝ ማን ነው? አራቱን የመለሰ መስመር ይቀመጥ፤ ያልመለሰ ይሰረዝ ወይም ይታረም።

‹ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ› ነውና ምሳሌ ልስጥ። እንበልና አንዲት ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ክበብ ታገለግላለች። ‹ሥራ ወዳድና ኃላፊነት የሚሰማኝ ነኝ› ብላ ብትጽፍ አንባቢው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ነገር ግን ‹ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ሁለት ቀን መጻሕፍት በማዋስና በመረከብ አገልግያለሁ፤ ሳይመለሱ የቀሩትን 140 መጻሕፍት መዝግቤ 95ቱ እንዲመለሱ አድርጌአለሁ› ብትል፥ ‹ኃላፊነት› የሚለውን ቃል እርስዋ ሳትጽፈው አንባቢው ራሱ በልቡ ይጽፈዋል። አንባቢ ራሱ የደረሰበትን አሳብ ከነገሩት አሳብ ይልቅ ያምነዋልና።

ሁለተኛም ምሳሌ ላክል። በሥራ ማስታወቂያ ላይ ‹የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት› የሚል ስናይ ደስ ይለናል፤ ‹2 ዓመት› የሚል ስናይ ግን ‹እኔ ምንም ሠርቼ አላውቅም› ብለን እናልፋለን። ምንም ሠርቼ አላውቅም የሚለው ይህ ወጣት ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በእናቱ ሱቅ ይሸጣል፤ የዱቤ መዝገብ ይይዛል፤ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። ደመወዝ ስላልተከፈለው ብቻ ሥራ አይደለም ይላል። እውነት ነው፥ ለ2 ዓመት የቅጥር ልምድ ማስረጃ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የእናት ሱቅ ላይቀበል ይችላል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ‹በቤተሰብ ሱቅ ሽያጭና የዱቤ መዝገብ አያያዝ፥ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ፥ 3 ዓመት› የሚለው መስመር ባዶ ቦታ ከመተው እጅግ ይሻላል። ታናናሾችን በክፍያም ሆነ በነጻ ማስጠናት፥ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜና ማዘጋጀት፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን መያዝ፥ በቀይ መስቀል ክበብ ማገልገል፤ እነዚህ ሁሉ ጊዜያቸውና ቦታቸው ተጽፎ ሲታዩ ሥራ ናቸው።

በዓለም ታሪክ የመጀመሪያው ሲቪ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ደብዳቤ አለ። ጻፈው የሚባለው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። ዘመኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1482 ገደማ ሲሆን፥ ሌዎናርዶ የ30 ዓመት ሰው ነበር፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ለሚላኖ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በሠዓሊነቱ ነው፤ ደብዳቤውን የምታነቡት ብትሆኑ ግን መጀመሪያ የምታገኙት ሥዕልን አይደለም። ቀላልና ጠንካራ ድልድዮችን፥ በምሽግ ከበባ ጊዜ ውኃ ማድረቅን፥ መድፍን፥ የተሸፈነ የጦር ሠረገላን የመሳሰለውን በተራ ቁጥር እየዘረዘረ ያቀርባል። በዐሥረኛው ቁጥር ወደ ሰላም ጊዜ ሥራ ይመጣና ስለ ሕንፃና ስለ ውኃ መሳብ ይናገራል፤ ቅርጽና ሥዕል የሚነሱት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገዥው በዚያን ጊዜ የሚያሳስበው ጦርነት ነበር፤ ጸሐፊውም የጀመረው ራሱ ከሚወደው ሳይሆን አንባቢው ከሚፈልገው ነው።

ከዚህ ደብዳቤ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ሌዎናርዶ በጦር መሣሪያ ሥራ የነበረው ልምድ ጥቂት ነበር፤ በዛሬው ማስታወቂያ ቋንቋ ‹0 ዓመት› ሊባል የሚችል ነበር። ታዲያ ደብዳቤውን ከባዶ ጉራ የሚያድነው፥ በመጨረሻው ላይ ‹ይህ አይቻልም የሚል ቢኖር በፈለጋችሁት ቦታ ልፈተን ዝግጁ ነኝ› የሚል አሳብ ማስቀመጡ ነው። ልምድ የሌለው ሰው በእውነት ሊያቀርበው የሚችለው ይህን ነው፤ ይኸውም ለመፈተን ዝግጁ መሆንን። በኋላም በዚያው ገዥ ዘመን በሚላኖ የመጨረሻውን እራት ሥዕል ሠራ። እንግዲህ በዝርዝሩ መጨረሻ ያስቀመጠው ሙያ ከሁሉ የበለጠ ስም አተረፈለት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ሲቪ ከመጻፉ በፊት ማስታወቂያው ይነበባል። በጋዜጣም ይውጣ በሰሌዳ ይለጠፍ፥ ወይም በኢንተርኔት ይምጣ፥ የሥራ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ መደቡን፥ ተፈላጊውን የትምህርት ደረጃ፥ የሥራ ልምዱን፥ ደመወዙን፥ የሥራ ቦታውንና የምዝገባውን ቀን ይናገራል። በመጨረሻም ‹ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ› ይላል። ጥበብ ያለው አመልካች በማስታወቂያው ላይ የተጠየቁትን ነገሮች በእርሳስ ያሰምርባቸዋል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ከሕይወቱ አንድ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሲቪ ለሁሉ ቦታ አይላክም። ለመጋዘን ጸሐፊነት ሲያመለክት የዱቤ መዝገቡን ያስቀድማል፤ ለመዋእለ ሕፃናት ረዳትነት ሲያመለክት ደግሞ ሕፃናት ማስጠናቱን። እውነቱ አንድ ነው፤ ተራው ይለዋወጣል።

የወረቀቱ አቀማመጥ ለእኛ ላለን ዕድሜ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከላይ ሙሉ ስም ከነአያት፥ የሚሠራ ስልክና የኢሜይል አድራሻ ይቀመጣል። ኢሜይሉ በስማችን የተከፈተ ይሁን እንጂ በጨዋታ የወጣ ቅጽል ስም አይሁን። ቀጥሎ ትምህርት ይመጣል፤ የቅርቡ ከላይ፥ የሩቁ ከታች ይሆናል። ከዚያ ሥራና አገልግሎት፥ ከዚያም ቋንቋና ሙያ ይከተላሉ። ቋንቋን ስንጽፍ ‹እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ› ከማለት ይልቅ ‹እጽፋለሁ፥ አነባለሁ፥ እናገራለሁ› ብለን ለይተን እንናገር፤ የማንጽፈውን እጽፋለሁ አንበል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የወሰደ ሰው ደግሞ የብቃት ምዘና ማረጋገጫው ካለው ደረጃውን ከነዓመተ ምሕረቱ ይጥቀስ። በመጨረሻ የሚያውቁን የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ስም ይሰፍራል። ስማቸውን ከመጻፋችን በፊት ግን ሄደን እናስፈቅዳቸው። ‹ጋሼ፥ ስምዎን በምስክርነት ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?› ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሳያውቁ በድንገት ስልክ ሲደወልላቸው ግር ቢላቸው ጥፋቱ የእነርሱ አይሆንም።

ማመልከቻው ከሲቪው የተለየ ነው። በእኛ አገር ልማድ ቀንና ‹ለ… ድርጅት› የሚለው አድራሻ ይጻፍና ‹ጉዳዩ፦› ይከተላል። ከዚያ በኋላ ሦስት አጫጭር አንቀጾች ይበቃሉ፤ የትኛውን የሥራ መደብ እንደምንጠይቅና ማስታወቂያውን የት እንዳየን፤ ከሲቪያችን ውስጥ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚስማማው ማስረጃ የቱ እንደ ሆነ፤ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ዝግጁ መሆናችንንና በምን እንደምንገኝ። ‹ከሰላምታ ጋር› ብለን ስማችንንና ፊርማችንን እናስቀምጥ።

ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች በተለይ የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከጎርጎርዮሱ በ7 ወይም በ8 ስለሚያንስ፥ ሰኔ 2017 ዓ.ም. የጨረሰ ተማሪ ለውጭ ድርጅት ዝም ብሎ ‹2017› ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ትምህርቱን ከጨረሰ 8 ዓመት የሞላው ያስመስለዋል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደ ነበረም ይጠራጠራል። በጎርጎርዮሱ ዘመኑ ጁን 2025 ነውና። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ እንጠቀም፤ የትኛው እንደ ሆነም እንጻፍ። ሁለተኛው ስም ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ አንዱ ምስክር ወረቀት ስማችንን በአንድ ዓይነት፥ ሌላው በሌላ ዓይነት ፊደል ይጽፈዋል፤ ‹ጸሐይ› የሚለውን ስም ብቻ እንኳ ስንት ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ እናየዋለን። አንድ ፊደል ተለውጦ ‹ይህ የአንተ ማስረጃ አይደለም› የሚባል ሰው አለ። እንግዲህ ስማችን በመታወቂያችንና በትምህርት ማስረጃችን ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ገና ከትምህርት ቤት ሳንወጣ እንመርምር፤ የተሳሳተ ካለ እዚሁ ሳለን ማሳረም ይቀላል። የሦስተኛው ስማችን የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑንም የውጭ ሰው ላያውቅ ስለሚችል፥ ቅጽ ስንሞላ በፓስፖርታችን ላይ ያለውን ተራ እንጠብቅ።

የማይጻፍም ነገር አለ። ሃይማኖት፥ ብሔር፥ የጋብቻ ሁኔታ፥ የወላጆች ሥራ፥ ማስታወቂያው ካልጠየቀ በቀር ፎቶግራፍ፤ እነዚህ ስለ ሥራ ችሎታችን የሚመሰክሩት ነገር የለም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፥ በጾታ፥ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕግ የማይጠይቀንን እኛ ለምን በገዛ እጃችን እንጽፋለን? በዚሁ አዋጅ ሌላም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ሠራተኛ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ፥ ወይም በማናቸውም ጊዜ ሲጠይቅ፥ አሠሪው የሠራውን ሥራ ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ በክረምት ሦስት ወር የሠራችሁበት ድርጅት ቢኖር፥ ‹ትንሽ ነው› ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ። የሚቀጥለው ሲቪያችሁ ከዚያ ወረቀት ይጀምራልና።

አሁን በብዙዎቻችሁ ልብ ያለውን ጥያቄ አንሥቼ ልመልስ። ‹ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው› የሚል አለ። የለም፥ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን የለም ብዬ ብናገር፥ ስለ ምስክርነት እየተናገርሁ እኔው ሐሰተኛ ምስክር እሆናለሁ። አለ። ነገር ግን ሦስት ነገር አስቡ። ዘመድ ያለው ሰው እንኳ ዘመዱ ለሌላ ሰው የሚያሳይለት ወረቀት ያስፈልገዋል። ዘመድ የሌለው ደግሞ በማያውቀው ሰው ፊት ስለ እርሱ የሚናገርለት ያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ዘመዱ ወረቀቱ ነው ማለት ይቻላል። በሦስተኛም፥ በዘመድ የገባውም ሆነ በወረቀቱ የገባው በሥራው ላይ ይፈተናል፤ በዚያው አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። እነዚያን ቀኖች የሚሻገረው በሲቪው ላይ የጻፈው እውነት የሆነለት ሰው ነው።

በእውነት ነገር ላይ ከመጣሁ አይቀር አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የሐሰት ምስክር ወረቀት የሚያዘጋጁ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ‹ሁሉም እያደረገው ነው› ሲሉት ሊፈተን ይችላል። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትና በእርሱ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። ነገር ግን ከቅጣቱ በፊት የሚመጣ ሌላ ዕዳ አለ። በሐሰት ወረቀት የተቀጠረ ሰው ማስረጃ ይጣራ በተባለ ቁጥር የሚደነግጥ፥ እድገት ሲመጣለት እንኳ ፋይሉ እንዳይከፈት የሚሰጋ ይሆናል። ‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል› ይባላል። ትንሽ የሆነ እውነተኛ ሲቪ በየዓመቱ ያድጋል፤ ትልቅ የሆነ የሐሰት ሲቪ ግን በየዓመቱ መደበቂያ ይፈልጋል።

ሁሉን በትክክል ጽፈን መልስ ሳይመጣ ቢቀርስ? ይህም የሚሆን ነው። ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን፥ ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን፥ በአሜሪካ በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሲቪዎችን ለሥራ ማስታወቂያዎች ላኩ። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ችሎታ ተመሳሳይ ሆኖ፥ ከፊሎቹ ላይ በነጮች ዘንድ የተለመደ ስም፥ ከፊሎቹ ላይ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ ስም ሰፈረ። ውጤቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2004 ታተመ፤ የነጮች ስም ያለባቸው ከመቶ 50 ያህል የበለጠ ጥሪ አግኝተው ነበር። ይህን የጠቀስሁት አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። መልስ ማጣት ሁልጊዜ በእኛ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጉድለቱ በወረቀቱ ነው፤ እርሱን እናርማለን። አንዳንድ ጊዜ ግን ጉድለቱ በሚያነበው ነው፤ ለእርሱ ብለን ራሳችንን ልንንቅ አይገባም። በወረቀት ላይ የተመሰከረው ሥራችን ቢነበብም ባይነበብም የሠራነው ነው።

ጓደኞቼ፤ ‹የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች› እንዳይሆንብን፥ ማስታወቂያ በወጣ ማግስት ሳይሆን ዛሬ እንጀምር። እያንዳንዳችን አንድ ትንሽ ደብተር እንያዝ። በክበብም፥ በቤትም፥ በሰፈርም የሠራነውን ነገር፥ የጀመርንበትንና የጨረስንበትን ቀን፥ ቁጥሩን፥ ያየንንም ሰው እንጻፍበት። ሲቪ በአንድ ሌሊት የሚጻፍ አይደለም፤ ከእንዲህ ያለ ደብተር የሚለቀም ነው። ስንጨርስም ቢያንስ ሁለት ሰው ያንብብልን፤ አንዱ ፊደል የሚያርም መምህር፥ ሁለተኛውም ‹ይህን በእርግጥ ሠርተሃልን?› ብሎ ሊጠይቀን የሚደፍር ጓደኛ ይሁን። ደብተሩም ባዶ ሆኖ ብናገኘው ይህ ራሱ ይመክረናል። የሚጻፍ ነገር የሚገኘው የሚሠራ ነገር ሲኖር ነውና፥ ቢያንስ አንድ አገልግሎት በዚህ ዓመት እንጀምር።

የተከበራችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፤ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ መካከል በየመሥሪያ ቤቱ የአመልካቾችን ወረቀት የምታነቡ አላችሁ። እኛ ቅጠሩን ብለን አንጠይቃችሁም። በዓመት አንድ ቅዳሜ ወደዚህ ግቢ ተመልሳችሁ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሲቪ ብታነቡልን፥ ‹ይህ መስመር አሳመነኝ፥ ይህ አላሳመነኝም› ብትሉን፥ ከብዙ ስጦታ ይበልጥብናል። ትምህርት ቤቱ በዓሉን ሲያከብር ታናናሾቹ ከታላላቆቹ የሚያገኙት ከዚህ የተሻለ ነገር አይታየኝም።

መምህራኖቻችን በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ስለ ብዙ ታላላቅ ሰዎች ሥራ እንድንጽፍ አስተምረውናል። አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን የምንጽፍበት ጊዜ ደርሷል። ሳናቀልና ሳናገንን፥ ሳንለምንም፥ በየመስመሩ እውነቱን ብቻ ጽፈን በማናውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ለማኖር ያብቃን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።